ላብራቶሪ ያለፈ ዕቃ መንገድ ላይ ለምን ይበላሻል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአንድ ነገር ዙሪያ ናቸው፤ ንዝረት። አንዱ የሸጠው ዕቃ ይመለስበታል፣ የሌላው ስልክ ካሜራው ይበላሻል፣ የሌላዋ ቲማቲም ይፈርጣል። ስለዚህ ሌሎቹን ጥያቄዎች ለሚቀጥለው አሳድረን ዛሬ በዚህ ላይ ብቻ እንቆያለን። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ለጭነት መኪና የሚሆን የጂፒኤስ መከታተያ እየገጣጠምን እንሸጣለን። ውጭ አገር ልከን በንዝረት ማሽን አስፈትሸነዋል። በሦስቱም አቅጣጫ አንድ አንድ ሰዓት ተናውጦ አለፈ። ጅቡቲ መስመር የሚሠሩ መኪኖች ላይ ግን በሁለት በሦስት ወር መመለስ ይጀምራል። ግራ የሚያጋባው ደግሞ ግማሹ እኛ ጋ ሲመጣ ይሠራል። ፈታሾቹ አጭበርብረውን ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማንም አላጭበረበረህም። ዕቃህ በትክክል ተፈትሿል፤ ግን የተፈተሸው ለአንተ መኪና አይደለም።

«ግማሹ እኛ ጋ ሲመጣ ይሠራል» ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ቁልፉ እዚያ ነው ያለው። ዕቃው ከመኪናው ሲፈታ ሶኬቱ ይነቀላል። እናንተ ጋ ሲደርስ ሶኬቱ ይሰካል። ከዚያ ይሠራል። በመሃል ማንም ሳይጠግነው የዳነ ዕቃ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሶኬቱ ነው።

ዋጋቸው ዝቅ ያሉ ሶኬቶች ውስጥ ያለው ብረት ብዙ ጊዜ በቲን የተለበጠ ነው። መኪናው ሲሄድ ሁለቱ ብረቶች በዓይን በማይታይ ርቀት ወዲያና ወዲህ ይፋተጋሉ። በተፋተጉ ቁጥር ትንሽ ቲን ይላጣል፣ የተላጠው አየር ያገኘዋል፣ ጥቁር ብናኝ ይሆናል። ይሄ ብናኝ ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። ቀስ በቀስ በሁለቱ ብረቶች መሃል ይጋገርና ዕቃው ይጠፋል፣ ይበራል፣ ደግሞ ይጠፋል። ነቅለህ ስትሰካው ብናኙ ይጠረጋል፤ ዕቃው ጤነኛ ይመስላል። የሚቀጥለውን ተመላሽ ዕቃ ማንም እንዳይሰካው አድርግና የሶኬቱን እግሮች በማጉያ መነጽር እይ። ብረቱ ከብረት በሚገናኝበት ቦታ ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም አጭር የጠቆረ ጭረት ካየህ፣ አገኘኸው ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ጉዳት በአንድ ሰዓት ፈተና ላይታይ ይችላል። ብዙ ሺህ ጊዜ መፋተግ ይፈልጋል፤ የቀን ሙቀትና የሌሊት ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት ደግሞ ይፈጥናል። በዚያ ላይ ፈታሾቹን አንድ ነገር ጠይቃቸው፦ ዕቃው ሲናወጥ በርቶ ነበር? በርቶ ከነበረስ መስመሩ ለአፍታ ሲቋረጥ የሚመዘግብ ነገር ነበረው? ብዙ ቦታ ዕቃውን አጥፍተው ያናውጡታል፣ ሲጨርሱ ያበሩታል፣ ከበራ አለፈ ይባላል። የአንተ ዕቃ ደግሞ የሚጠፋው እየተናወጠ እያለ ነው።

ሲመጣም የማይሠራው ሌላኛው ግማሽ ላይ ቦርዱን ክፈትና ቀጥ ብለው የቆሙትን ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ፣ ትንሽ ቆርቆሮ የሚመስሉ ክፍሎች) በጣትህ ነካ ነካ አድርግ። ረጅምና ከባድ ሆኖ በሁለት ቀጫጭን እግሮች የቆመ ነገር በተናወጠ ቁጥር ይወዛወዛል፤ ክብደቱን የሚሸከሙት እግሮቹ ብቻ ናቸው። የሚቆረጡትም ከቦርዱ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ከላይ ሲታይ ምንም የሆነ አይመስልም። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ሥሩ ላይ ትንሽ ሲሊኮን ጠብ አድርገህ ከቦርዱ ጋር ማጣበቅ።

አሁን ወደ ፈተናው ልምጣ። ብዙ ሰው «ንዝረት ተፈትሿል» ሲባል መኪና ላይ ተጭኖ የተፈተነ ያህል ይመስለዋል። የሚሄድ የጭነት መኪና ግን አንድ ዓይነት ንዝረት የለውም። ባሌስትራው ላይ የተቀመጠው አካል በሙሉ በግምት በሰከንድ ከ2 እስከ 5 ጊዜ ይወዛወዛል። ጎማውና አክሱ ለብቻቸው ከ10 እስከ 20 ጊዜ ይዘላሉ። ቴላዮው፣ ስፖንዳውና ጋቢናው ደግሞ ከዚያም በላይ፣ በሰከንድ ከ40 ጀምሮ እስከ መቶዎች ይርገበገባሉ። ሞተሩም የራሱን ይጨምራል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ተደባልቆ፣ ወጥ ሥርዓት ሳይኖረው ነው የሚመጣው። ለዚህ ነው ላብራቶሪዎች ራንደም የሚባለውን ንዝረት የሚጠቀሙት። በየትኛው ድግግሞሽ (በሰከንድ ስንት ጊዜ በሚርገበገበው) ላይ ምን ያህል ጉልበት እንዳለ የሚያሳይ ፒኤስዲ የሚባል ኩርባ አለ። ማሽኑ ያንን ተከትሎ ያናውጣል።

ኩርባው ግን አማካይ ነው፤ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሹፌር ለጥ ባለ አስፋልት አንድ ሰዓት ነድቶ ከዚያ 5 ደቂቃ ኮረኮንች ገባ እንበል። ሁለቱን ደባልቀህ አማካይ ስታወጣ አስፋልቱም አይደለም፣ ኮረኮንቹም አይደለም፣ የትም የሌለ መንገድ ነው የምታገኘው። ዕቃውን የሚሰብሩት ግን እነዚያ 5 ደቂቃዎች ናቸው። የአሜሪካኑ ኤኤስቲኤም ዲ4169 የተባለው የታሸጉ ዕቃዎች መፈተኛ መመሪያ በ2016 የጭነት መኪናውን ክፍል የቀየረው በዚህ የተነሳ ነው። ድሮ ሙሉው ጊዜ በአንድ ደረጃ ነበር የሚናወጠው። አሁን ከአንዱ ሰዓት 40ው ደቂቃ ለዘብ ይላል (0.40 ጂ)፣ 15ቱ መካከለኛ ነው (0.54 ጂ)፣ 5ቱ ደግሞ ጠንከር ይላል (0.70 ጂ)። አንድ ጂ የመሬት ስበት የሚሰጠው ፍጥንጥነት ነው። ቁጥሮቹም አማካይ መጠን ናቸው፤ ነጠላ ምት የዚያን 3 እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያሳስበኝ አገጣጠሙ ነው። ላብራቶሪው ዕቃህን ወፍራም የአሉሚኒየም ሰሌዳ ላይ በአራት ብሎን ጥርቅም አድርጎ ነው ያሠረው፤ አሠራሩም እንደዚያ ነው። አንተስ መኪናው ላይ የት ነው የምትገጥመው? ዳሽቦርድ ሥር ባለ ስስ ላሜራ ላይ ከሆነ፣ ወይም አንድ ጫፉ ብቻ በታሠረ መያዣ ብረት ላይ ከሆነ፣ ያ ብረት የራሱ የሆነ ድግግሞሽ አለው። ከመኪናው የሚመጣው ንዝረት ከዚያ ድግግሞሽ ጋር ሲገጥም ሬዞናንስ ይፈጠራል፤ ዕቃህ ላይ የሚደርሰው መኪናው ላይ ካለው 5 ወይም 10 እጥፍ ሊሆን ይችላል። ለፈተና የላካችሁት ሳጥኑን ብቻ ከሆነ የተፈተሸው ሳጥኑ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ከነመያዣው፣ ከነገመዱ፣ ገመዱም መኪናው ላይ በሚታሠርበት ርቀት ታሥሮ ይላክ።

ከዚያ በፊት ግን ለካ። በሦስት አቅጣጫ የሚመዘግብ ትንሽ የንዝረት መቅጃ ተከራይ ወይም ተዋስ፤ ሳጥኑ ላይ በጠንካራ ሙጫ ለጥፈው እንጂ በስፖንጅ ቴፕ አይሁን፤ ስፖንጁ ራሱ ንዝረቱን ይበላዋል። መኪናው ሲጫንም ባዶውን ሲመለስም ቅዳ። ባዶ መኪና ከተጫነው ይበልጥ ያናጥራል፤ ብዙዎች የሚለኩት ግን ሲጫን ብቻ ነው። በስልክ መለካት ለመነሻ ያህል ይጠቅማል። ሆኖም ስልክ በሰከንድ የሚለካው ከጥቂት መቶ ጊዜ ስለማይበልጥ ፈጣኑን ርግብግቢት አያየውም፣ አንዳንዴም አዛብቶ ያሳያል። ልታየው የምትፈልገው በሰከንድ 200 ጊዜ የሚርገበገብ ነገር ከሆነ ቢያንስ ከ1000 ጊዜ በላይ የሚለካ መሣሪያ ያስፈልግሃል።

ጥያቄ፦ መንገዱን በሴንሰር ቀድተን ያንኑ ማሽኑ ላይ ለምን አናጫውተውም? አማካይ ማውጣት ለምን አስፈለገ? (የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ይቻላል፤ እየተሠራበትም ነው። የመኪና ፋብሪካዎች አራቱን ጎማ በአራት የሃይድሮሊክ ምሰሶ ላይ አቁመው ከመንገድ የቀዱትን ንዝረት መልሰው ይሰጡታል። ይሄ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የቆየ አሠራር ነው። የአሜሪካ ጦር መፈተኛ መመሪያ ሚል-ኤስቲዲ-810ም በ2008 በወጣው እትሙ የተቀዳን ንዝረት እንዳለ መድገምን ራሱን የቻለ ክፍል አድርጎ አስገብቶታል።

ግን የቀዳኸውን በቀጥታ ብትሰጠው ማሽኑ ያንኑ አያወጣም። ማሽኑም፣ ዕቃውም፣ ማሰሪያውም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። አንዱን ድግግሞሽ ያጎላሉ፣ ሌላውን ያፍናሉ። ስለዚህ መጀመሪያ በዝቅተኛ ንዝረት ይሞክሩታል፤ የሰጡት ትእዛዝ ምን ሆኖ እንደወጣ ይለካሉ፤ ልዩነቱን ገልብጠው ትእዛዙን ያርማሉ፤ እንደገና ያናውጣሉ፣ እንደገና ይለካሉ፣ እንደገና ያርማሉ። ማሽኑ ላይ የሚለካው መንገድ ላይ ከተለካው ጋር እስኪቀራረብ ድረስ ነው ይሄ የሚደጋገመው።

ይሄ ሁሉ ተለፍቶበትም እጅህ ላይ ያለው የአንድ ቀን፣ የአንድ ሹፌር፣ የአንድ መኪና ቅጂ ነው። ዝናብ ሲዘንብ መንገዱ ይለወጣል፤ ሹፌሩ ሲቸኩልም ይለወጣል። ዕቃው ደግሞ 10 ዓመት ይሠራል ብለህ ከሸጥከው 10 ዓመት ልታናውጠው አትችልም።

ስለዚህ ልትደግመው የሚገባህ ንዝረቱን ሳይሆን ጉዳቱን ነው። በዚህ ሐሳብ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፍህን የሚያድነውም እሱ ነው። ብረት በአንድ ትልቅ ምት ብቻ አይሰበርም፤ በብዙ ትንንሽ ምቶች ይደክማል። ፓልምግሬን በ1924፣ ማይነር ደግሞ በ1945 ባቀረቡት ስሌት እያንዳንዱ ምት ከዕቃው ዕድሜ የራሱን ቁራሽ ይወስዳል፤ ቁራሾቹ ተደምረው አንድ ሲሞሉ ዕቃው ይሰበራል። በ1968 ጃፓናውያኑ ማትሱይሺና ኤንዶ ከተዘበራረቀ ቅጂ ውስጥ ምቶቹን አንድ በአንድ ለይቶ መቁጠሪያ ዘዴ አበጁ፤ ሬይንፍሎው ይባላል፣ ዛሬም ሁሉም የሚሠራበት ነው። እነዚህን ስታቀናጅ ከረጅም የመንገድ ቅጂ ውስጥ ጉዳት የሌለውን ቆርጠህ ትጥላለህ፤ ወይም ያንኑ ጉዳት በአጭር ጊዜ የሚያደርስ ጠንከር ያለ ንዝረት ትሠራለህ።

ጠንከር ማድረጉ ላይ ግን ተጠንቀቅ። ንዝረቱን 2 እጥፍ ብታደርገው ጊዜው ስንት እጥፍ ያጥራል? 2ን ወደ ተወሰነ ኃይል (ፓወር) ከፍ ታደርጋለህ፤ ኃይሉን የሚወስነው የዕቃው የድካም ጠባይ ነው። 5 ነው ብለህ ብትወስድ 32 እጥፍ ያጥራል። 7.5 ነው ብትል 181 እጥፍ። ዕቃው ያው፣ ማሽኑ ያው፣ ንዝረቱ ያው፤ አንዲት ቁጥር ስለተቀየረች ብቻ የአንድ ሰዓቱ ፈተና የ32 ሰዓት ወይም የ181 ሰዓት መንገድ ይተካል ይባላል። ስለዚህ ሪፖርት ላይ «ከ10 ዓመት አገልግሎት ጋር እኩል» የሚል ስታይ መጀመሪያ ይቺ ቁጥር ስንት ተብላ እንደተወሰደችና ለምን እንደተመረጠች ጠይቅ። መልስ ከሌለ ዐሥሩ ዓመትም የለም።

በጣም ካጠነከርከው ደግሞ የጉዳቱ ዓይነት ራሱ ይለወጣል። መንገድ ላይ የማይነካካው ላስቲክ ጥግ ድረስ ተጨፍልቆ ብረት ከብረት ይጋጫል፤ የማይላላው ብሎን ይላላል። ከላይ የአዳማው ወንድማችን የጠየቀውን የሶኬት መፋተግ አስብ። ንዝረቱን አሥር እጥፍ ብታደርገው ሶኬቱ ከነጭራሹ ይሰበራል እንጂ ያ ጥቁር ብናኝ አይመጣም። ሰብረኸዋል፤ መንገዱ የሚያደርገውን ግን አልደገምክም።

ሌላም ነገር አለ። ተራው የራንደም ፈተና የሚሰጠው ንዝረት በስታቲስቲክስ ኖርማል የሚባለውን ሥርጭት የተከተለ ነው፤ ትልልቅ ምቶች ምን ያህል እንደሚበዙ የሚያሳየው ኩርቶሲስ የተባለው ቁጥር 3 ነው። የመንገድ ቅጂ ግን ጉድጓዱም ብሬከሩም ስላለበት ብዙ ጊዜ ከ3 ይበልጣል። ማለትም አማካዩ እኩል ሆኖ እንኳ መንገዱ ላይ ትልልቆቹ ምቶች ይበዛሉ። አሁን ያሉ መቆጣጠሪያዎች ኩርቶሲሱን ከፍ አድርገው ማናወጥ ይችላሉ። ካለህ ተጠቀምበት፤ ከሌለህ ደግሞ ቢያንስ ልዩነቱን ጽሑፍህ ላይ አስፍር።

ይሄን ሁሉ መንገድ ያስጀመረው የባቡር አክስ ነው። ጀርመናዊው አውጉስት ቮለር በ1850ዎቹ መጨረሻ አክሶች ለምን እንደሚሰበሩ ሊያጠና ሲነሳ፣ በመጀመሪያ በጉዞ ላይ ባለ ባቡር አክስ ላይ መለኪያ ገጥሞ ምን ያህል እንደሚጎብጥ ለካ። ላብራቶሪ ውስጥ አክስ እያሽከረከረ የሚያጎብጠውን ማሽን ያሠራው ባገኘው ልክ ነው። አንተም ከአንድ የተሰበረ ዕቃ ተነሳ። አንድ እውነተኛ ስብራት ውሰድ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ያንኑ ስብራት በዚያው ቦታ ላይ አምጣ። ስብራቱ ሌላ ቦታ ላይ ከመጣ ፈተናህ የመንገዱ አይደለም።

ጥያቄ፦ ስልክ ስገዛ «በወታደራዊ ደረጃ የተፈተነ» ብለው 810 የሚል ቁጥር ይጽፋሉ። እውነት ነው? (ከዱባይ)

መልስ፦ ቁጥሩ እውነተኛ ነው። ከላይ ያነሳሁት ሚል-ኤስቲዲ-810 ነው፤ መጀመሪያ የወጣው በ1962 ነው። ግን አንድ ፈተና አይደለም፤ ንዝረት፣ ውድቀት፣ ሙቀት፣ አቧራ፣ ዝናብ እያለ ከሁለት ደርዘን በላይ የፈተና ዓይነቶችን የያዘ መጽሐፍ ነው። አምራቹ የፈለገውን መርጦ ይፈትናል። ስልኩን ፈትሾ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ የጦር መሥሪያ ቤት የለም። መመሪያው ራሱም ፈተናው ዕቃው በሚውልበት ቦታ ልክ ይሰፋ ነው የሚለው። ስለዚህ የትኛው ክፍል እንደተፈተነና ስልኩ ሲፈተን በርቶ እንደነበር የሚነግርህ ሻጭ ከሌለ በቁጥሩ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈል።

ጥያቄ፦ በሞተር ዕቃ አደርሳለሁ። ስልኬን መሪው ላይ አሥሬ ካርታ እያየሁ ነው የምነዳው። አሁን ካሜራው ፎቶ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩረት አይዝም። ከሞተሩ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ስልኮች የእጅ መንቀጥቀጥን ለማካካስ ሌንሱን የሚያንቀሳቅስ ስስ መሣሪያ ካሜራው ውስጥ አላቸው። አፕል በ2021 ለአይፎን ተጠቃሚዎች በግልጽ አስጠንቅቋል፦ ጉልበታም የሞተር ሳይክል ሞተር በመሪው በኩል የሚያስተላልፈው ንዝረት ይህን መሣሪያ ሊጎዳው ይችላል። ለትንንሽ ሞተሮችም ቢሆን ንዝረት የሚቀንስ መያዣ እንዲጠቀሙ መክሯል። ልብ በል፤ ስልኩ ሲወድቅ የሚጎዳው ሌላ፣ ቀኑን ሙሉ ሲርገበገብ የሚጎዳው ሌላ ነው። ላስቲክ ያለው መያዣ ግዛ። ካልሆነም ስልኩን ኪስህ ውስጥ አድርገህ አቅጣጫውን በጆሮ ማዳመጫ ስማ፤ አንዱን ጆሮህን ግን ለመንገዱ ተውለት።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ የሕክምና መሣሪያ በሚፈትሽ ክፍል እሠራለሁ። አለቃዬ ሁልጊዜ «ለጥንቃቄ ንዝረቱን እጥፍ አድርጊው» ይለኛል። ይሄ ጥንቃቄ ነው? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙ ጊዜ አይደለም። ከላይ ለባሕር ዳሩ ተማሪ የጻፍኩትን ስሌት አሳዪው፤ እጥፍ ማድረግ ማለት የዕቃውን ዕድሜ በ32 ወይም በ181 እጥፍ ፍጥነት መብላት ማለት ሊሆን ይችላል።

በዚያ ላይ ያልታሰበ ንዝረት ምን እንደሚያደርግ በደንብ የታወቀ ታሪክ አለ። የፀሐይ ፍንዳታን ለማጥናት የተሠራችው ሄሲ የተባለች የናሳ ሳተላይት ማርች 21 ቀን 2000 ካሊፎርኒያ በሚገኘው ጄፒኤል በተባለው የናሳ ማዕከል ውስጥ የንዝረት ፈተና ላይ ነበረች። የታሰበላት 2 ጂ ነበር። የደረሰባት 20 ጂ ገደማ ነው። የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎቿ ተሰበሩ፣ አካሏም ተጎዳ። ምክንያቱ የማናወጫው ማሽን መያዝ ነበር። ከፈተናው በፊት በዝቅተኛ ንዝረት ሲሞከር ጠረጴዛው በሰበቃ ተይዞ በደንብ አልተንቀሳቀሰም፤ መቆጣጠሪያው ደግሞ «ትንሽ ነው የሚንቀሳቀሰው» ብሎ ብዙ ኃይል አሰላ። ኃይሉ ሲመጣ ጠረጴዛው ለቀቀ። ሳተላይቷ ተጠግና ወደ ሕዋ የወጣችው በፌብሩዋሪ 2002 ነው።

ይሄን የምጽፍልሽ ለማስፈራራት አይደለም። ጥንቃቄ ንዝረት መጨመር ሳይሆን ማሽኑን አለማመን ነው። ከመጀመርሽ በፊት በባዶ ጠረጴዛ ላይ ሞክሪው። ከመቆጣጠሪያው የተለየ ሁለተኛ መለኪያ ለጥፊ፤ ከዚህ መጠን ካለፈ ይቁም የሚል ገደብም ስጪው። ከዋናው ፈተና በፊትና በኋላ በለዘብተኛ ንዝረት ሁሉንም ድግግሞሽ አዳርሺና ሁለቱን ኩርባዎች ደርበሽ እይ። በፊት በ85 ሄርዝ (በሰከንድ 85 ጊዜ) የነበረው ጉብታ በኋላ 78 ላይ ከተገኘ፣ ከውጭ ምንም ባይታይም ውስጥ አንድ ነገር ላልቷል ወይም ተሰንጥቋል።

የማሰሪያው ነገርም አለ። እውነተኛው መኪና ወይም አምቡላንስ ላይ ዕቃው የተቀመጠበት ወለል ራሱ ለመጥ ይላል፤ ዕቃው በራሱ ድግግሞሽ ሲወዛወዝ ወለሉ ይለዝብለታል። የላብራቶሪ ጠረጴዛ ግን አይለዝብም፤ የታዘዘውን ንዝረት በግድ ይሰጣል። ስለዚህ እጥፍ ሳታደርጊው እንኳ በዚያ ድግግሞሽ ላይ ከእውነታው በላይ እየጎዳሽው ሊሆን ይችላል። የሕዋ መሣሪያ ፈታሾች በዚያ ድግግሞሽ ላይ ንዝረቱን ሆን ብለው ዝቅ ያደርጋሉ፤ ለዝቅታው ግን የተለካ ምክንያት ጽፈው ነው። እንዲሁ ዕቃው እንዲያልፍ ብሎ ዝቅ ማድረግ አይፈቀድም፤ አንቺም አትፍቀጂ።

ጥያቄ፦ ከመቂ አዲስ አበባ ቲማቲም በእንጨት ሣጥን እንጭናለን። ሁልጊዜ የሚጎዳው ከላይ ያለው ነው። ክብደት ያለበት እኮ የታችኛው ነው። አሁን የፕላስቲክ ሣጥን ሊሸጡልን መጥተዋል። ከመግዛታችን በፊት የምንሞክርበት መንገድ አለ? ላብራቶሪ የለንም። (ከመቂ)

መልስ፦ እህቴ፣ ያየሽው ትክክል ነው፤ በፍራፍሬ ጭነት ላይ በጥናትም የተረጋገጠ ነገር ነው። ሣጥን በሣጥን ላይ ሲደረደር ንዝረቱ ወደ ላይ እየጎላ ይሄዳል። ከሁሉም የባሰው ከኋላ ባለው ጫፍ ላይኛው ረድፍ ነው። ንዝረቱ ከ1 ጂ ሲያልፍ ከላይ ያለው ቲማቲም ለቅጽበት ክብደት ያጣል፤ ብድግ ይላል፣ ዞር ይላል፣ ተመልሶ ይወድቃል። የታችኛው ግን ከላይ ያለው ስለያዘው አይዞርም። ላይኛውን የሚያበላሸው መጫን ሳይሆን መሽከርከርና መፋተግ ነው። ቆዳው የተላጠውን ከፈረጠው ለይተሽ ብትቆጥሪ ልዩነቱን ራስሽ ታዪዋለሽ።

መሞከሪያውን ብየዳ ቤት ማሠራት ይቻላል። ዓለም አቀፉ የጭነት ደኅንነት ማኅበር ኢስታ ቀላል በተባለው ፈተናው ላይ የሚጠቀምበት ጠረጴዛ ወደ ላይና ወደ ታች በድምሩ 25 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው። ሞተር፣ ቀበቶና ከመሃል 12.5 ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ የተበየደ ዘንግ ይበቃዋል። ፍጥነቱ በሰከንድ 4 ዙር ተኩል ገደማ፣ ማለትም በደቂቃ 265 አካባቢ ሲደርስ ሣጥኑ ከጠረጴዛው መነሳት ይጀምራል። የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የላሜራ ቁራጭ ያዢና ሣጥኑ እየዘለለ ሳለ ከሥሩ አስገቢው። ሳይያዝ ከገባና ከተንሸራተተ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ ከዚያ አትጨምሪ። በኢስታው ፈተና 14,200 ምት ነው የሚሰጠው፤ በዚህ ፍጥነት 54 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሣጥኑ አይታሠር፤ እንዳይወድቅ ብቻ ዙሪያውን አጥር ይደረግለት። እጅ የሚያስገባ ክፍተት ካለ ቀበቶው በሽፋን ይዘጋ።

አሮጌውንና አዲሱን ሣጥን በእኩል የበሰለ፣ ከአንድ ማሳ በተለቀመ ቲማቲም ሙዪና በየተራ አናውጪ። ወዲያው አትፍረጂ። ቲማቲም የተመታበት ቦታ ቶሎ አይታይም፤ ሁለት ቀን ክፍል ውስጥ አቆይተሽ ከዚያ ቁጠሪ።

ይሄ ጠረጴዛ የመቂን መንገድ አይመስልም። አንድ ዓይነት ምት ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ሁለት ሣጥን ለማወዳደር እንጂ ስንት ኪሎ እንደሚበላሽ ለመተንበይ አይሆንም። ስለዚህ ከአዲሱ ጥቂት ሣጥን ብቻ ግዢና አይሱዙው ላይ ከአሮጌዎቹ ጋር እያቀላቀልሽ ከኋላ ላይኛው ረድፍ ላይ ጫኚ። ጠረጴዛው ላይ የተሻለው መኪናው ላይም ከተሻለ መሣሪያሽ ይታመናል። ጠረጴዛው ላይ ቲማቲሙ ከሥር ከፈረጠ፣ መኪናው ላይ ግን ቆዳው ከላይ ከተላጠ፣ ሁለቱ አልተገናኙምና ፍጥነቱን ዝቅ አድርገሽ ድገሚው።

እስከዚያው ድረስ በአሮጌው ሣጥንም ቢሆን ላይኛውን ረድፍ አፉ ድረስ ሙዪው፣ ከላዩ ድርቆሽ ወይም ወፍራም ወረቀት ጠቅጥቀሽ ክዳኑን እሰሪ። ገመዱ ከስፖንዳ ስፖንዳ ሲወጠር ላይኛውን ሣጥን ወደ ታች እንዲይዘው እንጂ በጎን ብቻ እንዳያልፍ ለጫኞቹ ንገሪያቸው።